ሸረሪት ሸንታበት ነው የተባለ ጊዜ

ከባለቤቴ አርባ በኋላ አምቦ እናቴ ቤት መጥቼ ተቀመጥኩ። ክረምቱ እዚሁ እያለሁ ወጣ። ባለፈው ሳምንት እናቴ የጓሮውን ሰንሰል ስትከረክም ከተቆረጠው ቅርንጫፍ የሚወጣው እርጥብና መረር ያለ ሽታ በመስኮት ገባ። ለብዙ ሳምንት ከአልጋ ለመነሣት ምክንያት አጥቼ የቆየሁት ሴት አጥር ለማየት ብዬ ተነሣሁ። ቅጠሎቹ መካከል ጎንበስ ብዬ ስፈልግ እናቴ መቀሱን እንደያዘች አየችኝና፣

"የኦቦ ደበላን ሸረሪት ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ።

እሷም አልረሳችም።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

ኦቦ ደበላ ተከራያችን ነበሩ። ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይተው የገቡት በሐምሌ ነው፤ በቆሎ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ተቀምጠው ከባኮ መጡ። ዕቃቸው አንድ ፍራሽ፣ አንድ የእንጨት ሳጥንና በጆንያ የታሰረ የማድቤት ዕቃ ነበር። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ "ባኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተባይ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው" ስትል ሰማኋት። እኔ የማውቀው ተባይ ራስ ላይ የሚወጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን በአጠገባቸው ሳልፍ፣ ቅማሌን እንዳይቆጥሩብኝ፣ ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አስር ነበር።

በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ሥራቸው ጠዋት ጠዋት በበቆሎው መስመር መካከል እየሄዱ ቅጠል እየገለጡ ስንት ትል፣ ስንት ቅጠል መጣጭ ክሽክሽ፣ ስንት ጥንዚዛ እንዳለ መቁጠርና መጻፍ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አምቦ የመጡትም ለዓይን ቀዶ ሕክምና ተመዝግበው ተራ ለመጠበቅ ነው። ስልክ ስላልነበራቸው ተራቸው ሲደርስ የሚደወለው በአባዬ ስልክ ነበር። ሚስታቸው ከዓመት በፊት ሞተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም።

እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ አራተኛ ክፍል ልገባ ትምህርት ቤት እስኪከፈት እየጠበቅሁ ነበር። የእንቁጣጣሽ ማግስት ጠዋት ዝናብ የለም፣ ደመና የለም፤ ጤዛው ብቻ ነው የቀረው። ኦቦ ደበላ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፊታቸውን ወደ ሰንሰሉ አጥር አዙረው ተቀምጠዋል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሲፈን፣ ነይ እስቲ። እዚያ ቅጠሉ ላይ የሚያበራ ነገር አለ። ምንድን ነው?"

"ሸረሪት ናት።"

"ሸረሪት መሆኗን ማን ነገረሽ?"

"ትመስላለች።"

"የሚመስልሽን ተይው። የምታዪውን ንገሪኝ።"

እግሮቿ ስምንት ናቸው አልኳቸው። ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለተጠጉ አራት ይመስላሉ። መምህራችን የተሳሳተ መልስ ላይ እንደሚያደርጉት ዓይነት ኤክስ ሠርታለች። ጭንቅላቷ ወደ ታች ነው። ጀርባዋ ብርማ ነው፤ በላዩ ቢጫ መስመር አለው። ከእግሮቿ ሥር ድሩ ላይ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ወዲህ ወዲያ የሚል ወፍራም ነጭ ክር አለ።

"ወዲህ ወዲያው ስንት ጊዜ ነው?"

ቆጠርኩ። "ሰባት።"

"ጎሽ!" አሉና በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን መቱ። "ሰራሪቲ ናት! አሁን አየኋት።"

ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛዬ የመንገድ ኦሮምኛ ነበር፤ መንገድ ላይ ደግሞ ስለ ሸረሪት የሚያወራኝ አልነበረም። ስለዚህ "ሰራሪቲ" ሲሉ የሸረሪት ስም በኦሮምኛ መሆኑን አላወቅሁም። "ሠሪ" ከሚለው የወጣ፣ እሳቸው ያወጡላት የቁልምጫ ስም መሰለኝ፤ ሥራ የማትፈታ፣ ሠራተኛዋ እንደማለት። ዓመቱን ሙሉ እንዲያ እንደመሰለኝ ቆየ። ማንም አላረመኝም፤ እሷም ስሙን የሚያሳጣ ነገር አላደረገችም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄድኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ደብተሬን ጥዬ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ጓሮ ነው። ፌንጣ ስትገባባት አየሁ። ሮጣ ደረሰች፤ ክሩን በኋላ እግሮቿ እየጎተተች፣ ፌንጣዋን እንደ ጨቅላ እያገላበጠች ጠቀለለቻት። ጎመኑ ላይ ቀይ ጀርባ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሹን አንድ በአንድ ስትበላ አየሁ። ተርብ የግድግዳችንን ጥግ መርጣ ጭቃ በአፏ እያመጣች ከአውራ ጣት የማትበልጥ ማሰሮ ስትሠራ አየሁ፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ቁጠሪ ብለውኝ ምሳዬ ቀዘቀዘ። አንድ ቀን በማለዳ ደግሞ ሸረሪቷ የራሷን ድር ስትበላ ደርሼ ክው አልኩ።

"ኦቦ ደበላ! ርቧት ቤቷን እየበላች ነው!"

"ሚቲ!" አሉ። ሚቲ፣ አይደለም ማለት ነው፤ የማየውን ትቼ የመሰለኝን ስናገር ሁሌ ይህችን ቃል ይወረውሩብኛል። "ርቧት መሆኑን በምን አየሽ? ያየሽው መብላቷን ነው። ድሩ አሮጌ ነው፣ ትናንት ተበጣጥሷል። የነገውን ክር ከየት ታምጣ? አሮጌውን በልታ አዲስ ታደርገዋለች። አንቺ ብትሆኚ ትጥይው ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ፣ ኦቦ ደበላ ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ገርበብ ያደርጉና ያንኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ይደግሙታል። ፌንጣዋን፣ ጭቃዋን፣ ሰባቱን ወዲህ ወዲያ፣ አንድም ሳይቀር። እኛ ለፈተና እንደምናደርገው በቃላቸው የሚያጠኑ መሰለኝ፤ እንዲያውም በዚያ ዕድሜያቸው ማን ሊፈትናቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ለማን ይነግሩ እንደነበር ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። እኔም በዚህ ቤት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ቀኑን እንዴት እንደዋልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ኪያ ያኔ የስምንት ወር ልጅ ነው። እማዬ ልብስ ስታጥብ ኦቦ ደበላ ጭን ላይ ታስቀምጠው ነበር፤ ጣታቸውን እየያዘ ዝም ብሎ ይውላል። ማታ ማታ ደግሞ መብራት እንደበራ እሷ ራሷ በረንዳው ላይ አምፖሉ ሥር ተቀምጣ ታጠባዋለች፤ ነፋሻ ስለሆነ ትወደዋለች።

አንድ ጠዋት የኪያ አንገት ቀልቶ ተነሣ። በማግስቱ ውኃ ቋጠረ። ልጁ ሌት ተቀን አለቀሰ። እማዬ ታቅፋው ወደ እትዬ ከድጃ ሮጠች። እትዬ ከድጃ ከቤታችን ቀጥሎ ሱቅ ያላቸው፣ ከስልጤ የመጡ፣ ስኳር እየመዘኑ የሠፈሩን በሽታ ሁሉ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ልጁን አንዴ አይተው ሚዛኑን ለቀቁት።

"ውይ! ሸረሪት ሸንታበት ነው!"

"የት አግኝታው?" አለች እማዬ።

"የት አግኝታው ትላለች እንዴ! ጓሮሽን የሸረሪት ከተማ አድርገሽው የለ? ሽማግሌው ያረባሉ፣ ልጅሽ ይቃጠላል።"

አምቦ ውስጥ ሲያቃጥልና ውኃ ሲቋጥር ሸረሪት ናት ይባላል። ከንፈር ላይ ቢወጣ ሸረሪት፣ ክንድ ላይ ቢወጣ ሸረሪት። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አምን ነበር። ልጁ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቅባት ተሰጠው፤ ቁስሉ ግን ስም ወጥቶለት አልቋል።

እማዬ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከትያት ሄድኩ።

"ኦቦ ደበላ፣ ቅር አይበልዎት። ቅዳሜ አባታቸው አጥሩን እስከ ጉልበት ይቆርጠዋል። እርስዎም ሌላ ቤት ይፈልጉ።"

"የሲፈን እናት፣ ሸረሪት እንዲህ አታደርግም።"

"ዓይንዎ አያይ፣ በምን አወቁ?"

ከአፏ እንደወጣ የደነገጠች መሰለኝ። ግን አልመለሰችውም። ኦቦ ደበላ እጃቸውን በርጩማው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ክፍል ፍለጋ ሠፈሩን በበትር ዞሩ። ለብቻው ለሚኖር ለማያይ ሽማግሌ የሚያከራይ አልተገኘም። ማክሰኞ ማታ ጌዶ የእህታቸው ልጅ ዘንድ እንደሚሄዱ ለአባዬ ነገሩት። አባዬ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እያገላበጠ፣ "ተራዎ ከመስቀል በኋላ ነው ብለው ነበር እኮ። ቢደውሉ ጌዶ ድረስ ማን ይነግርዎታል?" አላቸው። "የለመድኩት ጨለማ ነው" አሉና ገቡ። ያኔ ገባኝ። ሸረሪቷ ጥፋተኛ ከሆነች ኦቦ ደበላ አያዩም።

እማዬ ጓሮ እንዳልደርስ ከልክላኝ ነበር። እሮብ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ዞሬ ገባሁ።

"ቁስሉን ንገሪኝ" አሉኝ፣ ሰላም እንኳን ሳይሉኝ። "የምታዪውን።"

"መስመር ነው። በእስክሪብቶ የተሠመረ የሚመስል... አይ፣ አይመስልም። ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው። አገጩ ሥር ያለው ቆዳ ሲታጠፍ የሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ፣ ልክ እሱን የሚያህል።"

ጣታቸውን በራሳቸው አንገት ላይ ከጆሮ ሥር እስከ ትከሻ ጎተቱ።

"ሽንት ቢሆን ይንጠባጠባል። እስቲ አንቺ ሸንተሽ መስመር አስምሪ!" ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። "ደግሞስ የሸረሪት ፊኛ ምን ያህል ቢሆን ነው? ይህ የተጨፈለቀና የተጎተተ ነገር ነው። ባኮ እያለን ከዝናብ በኋላ አንዲት ነበረች፤ ማታ መብራት ትወዳለች። ሠራተኛው አንገቱ ላይ ስታርፍበት በጥፊ ያብሳታል፣ በማግስቱ እንዲሁ ይሆናል። ጉንዳን ታክላለች። ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር፣ እንደ ቀለበት። ወገቧ ላይ ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ስትሄድ ጭራዋን ታነሣለች። አትነክስም፣ አትናደፍም፤ መርዟ ደሟ ውስጥ ነው። ካገኘሻት በጠርሙስ። በእጅሽ እንዳትነኪያት። ሰማሽኝ? በጠርሙስ።"

እሮብ ማታ አላገኘኋትም። ሐሙስ አምፖሉ እንደበራ በረንዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ጠበቅሁ። የእሳት እራቶች መጡ፤ ክንፋቸው ቶሎ የሚረግፈው ምስጦች መጡ፤ ስማቸውን የማላውቃቸው አረንጓዴዎች መጡ። ከዚያ ከአምፖሉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ኖራው ላይ አንዲት ጉንዳን ስትሮጥ አየሁ። ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር። ቆም አለችና ጭራዋን አነሣች። ያን የሚያህል ቆንጆ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ልጅ ያቃጠለች መሆኗን እያወቅሁ ቆንጆ ናት አልኩ።

በሽሮፕ ጠርሙስ ይዤ ለእማዬ አሳየኋት።

"ይህቺን ጉንዳን ነው የምታሳይኝ? ሽማግሌው ልከውሽ ነው አይደል? ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ።"

ወደ ጓዳ ገባሁ። ጠርሙሱን ግራ ክንዴ ላይ ደፋሁት፤ ስትወጣ በጠርሙሱ አፍ ጨፍልቄ እስከ ክርኔ ጎተትኳት። ምንም አልተሰማኝም። እንባዬ የመጣው ለእሷ ነው።

ዓርብ በማለዳ ደግሞ ሰንሰሉ ዘንድ ሄድኩ። ሸረሪቷን ነክቻት አላውቅም ነበር። ቀኝ እጄን ከድሩ ሥር ዘርግቼ በቀስታ አወረድኳት። እግሮቿ ቆዳዬ ላይ ሲረግጡ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ግን እንደ ፀጉር ቀላል ነበረች።

"ሽኚ" አልኳት። "እባክሽ ሽኚ። ትንሽ እንኳን።"

ክርኔ ድረስ ወጣች፣ ተመለሰች፣ አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ቆማ ክር አስራ ወደ ቅጠሉ ወረደች። የሸናች አልመሰለኝም። ስለዚህ ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ አመላለስኳት።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ እጅጌዬን እየሰበሰብኩ ክንዶቼን አየሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው። መምህሩ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አልሰማሁም። ከሰዓት በኋላም ደህና። ኦቦ ደበላ ተሳስተዋል ማለት ነው፤ ወይም እኔ ሌላ ነፍሳት ነው የያዝኩት። ማታ ግራ ክንዴን አሳከከኝ፤ ትንኝ ይሆናል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ የቀሰቀሰኝ የገጀራ ድምፅ ነው። አባዬ አጥሩን ከላይኛው ጫፍ ጀምሮታል። ልነሣ ስል ክንዴ ብርድ ልብሱን ሲነካ ጮህኩ። ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ቀይ መስመር ወጥቷል፤ በላዩ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ነጥቦች ተደርድረዋል።

እማዬ ኪያን እንዳዘለች ሮጣ ገባች። ክንዴን ያዘች። ፊቷ ተለወጠ።

"ሸረሪት! አንቺንም! አትሂጂ አትሂጂ ስል..."

"ሸረሪቷ የሄደችው በዚህኛው ነው።" ቀኝ ክንዴን አወጣሁ። "ሦስት ጊዜ። እይ። ይሄኛው ላይ ያቺን የጠርሙሷን ነው የጨፈለቅኋት።"

"ማን እንዲህ አደረገሽ?"

"እኔ።"

አንዱን ክንዴን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የቀኝ እጇን ትንሿን ጣት ገልብጣ ጎኗን አየች፤ እዚያ አንድ የደረቀ ቀይ ምልክት ነበር፤ ድስት ያቃጠላት መስሏት ቅቤ ስትቀባው የሰነበተችው።

"አንገቱ ላይ የሆነች ነገር ዐረፈችበት" አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። "እያጠባሁት። ትንኝ መስላኝ መታሁና በእጄ ጠረግኋት።"

ውጭ ገጀራው እየተሰማ ነው። ተነሥታ በባዶ እግሯ ወጣች።

"ተው! ታደሰ፣ ተው!"

አባዬ ላቡን እየጠረገ ዞረ። "ምን ተፈጠረ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ሳምንቱን ሙሉ ቁረጥ ቁረጥ ያልሽኝ?"

"አሁን ተው አልኩህ!"

ከአጥሩ ከግማሽ በላይ የሆነው መሬት ላይ ነው። ሸረሪቷ ከቀረው ዳር አራተኛው ግንድ ላይ ነበረች። ድሩ ከሚወድቁት ቅርንጫፎች ጋር በአንድ በኩል ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤ እሷ ወደ ላይ ወጥታ ቅጠል ሥር ተሸጉጣለች።

ኦቦ ደበላ ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ጋሪ እየጠበቁ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ ጆንያው ተቋጥሯል፤ ሳጥኑ ላይ እሳቸው ተቀምጠዋል። እማዬ ክንዴን ይዛ አቀረበችኝና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፈችው። ከአንጓዬ እስከ ክርኔ በቀስታ ሄዱበት። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ተቆጣ።

"በጠርሙስ አልኩሽ እኮ" አሉ። "በጠርሙስ! ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ? እኔ ጌዶ ብሄድ ምን እሆናለሁ? ምን እሆናለሁ?"

አለቀስኩ። እጄን አልለቀቁም።

"ኦቦ ደበላ" አለች እማዬ። "እኔ ነኝ የመታኋት። በዚህ በእጄ።"

ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። ቁጣው ቀስ እያለ ሲወጣ አየሁት።

"እናት ልጇ ላይ ያረፈ ነገር ካልመታች ምን ታድርግ፣ የሲፈን እናት?"

እማዬ ይቅርታ አላለችም፤ ያኔ ለምን አትልም ብዬ ተናደድኩባት። ኪያን ከጀርባዋ አወረደችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። ልጁ አንገቱን ቅባት እንደተቀባ ጣታቸውን ፈልጎ ያዘ። ከመንገድ የጋሪው ፈረስ ቃጭል ተሰማ፤ ባለጋሪው "ኦቦ! ደርሻለሁ!" እያለ ተጣራ። አባዬ ገጀራውን እንደያዘ ሊያናግረው ወጣ።

እማዬ ፍራሹ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከችና ገመዱን መፍታት ጀመረች። የማያይ ሰው ያሰረው ቋጠሮ ነው፤ እንዳይፈታ ደጋግመው አስረውታል፤ በጣቷ አልሆነላትም። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ያዘችው።